የአሥራ ሁለት ሰዓቷ ጀልባ

ከጀልባ ማቆሚያው ጀርባ፣ ዓሣ ከሚጠበስበት፣
አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለችኝ፣ ኮድ የምጽፍባት።
መብራት ሲሄድ ጣና ይታየኛል፣ ሲመጣ ስክሪኔ፤
ከሁለቱ የትኛው እንደሚያፈዝ አልለየሁም እኔ።

ጋሼ ማንደፍሮ መጡ፣ የጀልባ ማኅበሩ ጸሐፊ፤
ደብተራቸው በፌስታል፣ ገጹ ገሚሱ ተንሳፋፊ።
"ማን መቼ እንደሚነሳ፣ ወዴትስ እንደሚቀዝፍ፣
ስልክ ላይ ይታይልን፤ ሰው በከንቱ አይሰለፍ።"

ገለጥኩት፦ ዘጌ፣ ደቅ፣ ጎርጎራ፣ ቁንዝላ፤
ሰዓት ከዋጋ ተዛንቆ፣ ናፍጣ የጠጣ ገጽ ሁላ።
ለየአንዳንዱ ቃል
ቤት ቀለስኩለት በኤክስኤምኤል፤
በር መክፈቻ፣ በር መዝጊያ፣
ማን በማን ሆድ እንደሚያድር ማሳያ።
የታጎቹንም ስም በኛው ፊደል ጻፍኩ።
"ይሆናል?" ብዬ ማሽኑን ብጠይቀው፣
"ይሆናል" አለኝ፤ ለብቻዬ ሳቅኩ።

<ጉዞ>
   <መነሻ>ባሕር ዳር</መነሻ>
   <መድረሻ>ደቅ</መድረሻ>
   <ሰዓት>12:00</ሰዓት>
</ጉዞ>

በመጀመሪያው ሌሊት አንዲት <ዋጋ> ከፍቼ፣
ሳልዘጋት አደርኩ፣ እንቅልፍ ጥሎኝ፣ ሰልችቼ።
ጠዋት ገጹ ነጭ። ምንም።
ኤችቲኤምኤል ቢሆን ኖሮ ቸር ነው፣ ይሉኝታ ያውቃል፤
የረሳሽውን ገምቶ፣ በሩን ገፋ አድርጎ ያልፋል።
ኤክስኤምኤል ግን አይምርም፤ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ፣
አንዲት ጭረት ብትጎድል ሁሉን ሰራዥ፣ ሁሉን ሻሪ።

"ስህተቱ መስመር ሁለት መቶ አሥር" ይላል፤ ሄድኩ፣ እዚያ ምንም የለ፤
ጥፋቱ አሥራ ሰባተኛው ላይ እግሩን ዘርግቶ፣ ተንጋሎ ዋለ።
እንደ እምቦጭ ነው ያልተዘጋ ታግ፤ ሥሩ አንድ ዳር፣
ከሱ ወዲያ ያለውን ውኃ ሁሉ የኔ ነው ብሎ የሚያድር።

ጋሼ ማንደፍሮ ከትከሻዬ በላይ አዩና፣
"ይኼማ የኛው ሥራ ነው" አሉ፣ ሳቅ አሉና፤
"ልጄ፣ ገመዱን ሳታስሪ ከጀልባ አይወረድም።"
ዘጋሁት። ከዚያ ወዲያ የሚያለቅስ መስመር አልነበረም።
መመርመሪያው አረንጓዴ አበራ፦ እንከን የለውም።

ማክሰኞ፣ በስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ፣
ትዋብ መጣች፣ የወፍጮ ቺንጋ ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ላብ በላብ ሆና፣ ሮጣ።
ደቅ ላይ ወፍጮው ቆሟል፤ ይህ ጎማ ነው የሚጠበቅ።
ውኃው ዳር ግን የታሰረ ታንኳ ብቻ፤ ሞተር የለ፣ የሚንኳኳ፣ የሚርቅ።
"ጀልባዋስ?" "ማለዳ ሄደች፣ በአሥራ ሁለት።"
"ስልኩ ስድስት ነው የሚለው፤ የእህቴ ልጅ ነው ያየልኝ ትናንት።"

ገባኝ።
አሥራ ሁለት ብዬ ጻፍኩ፤ የማን አሥራ ሁለት? አላልኩም።
የሚያነበው ፕሮግራም የፈረንጅ መሰለው፣ ቀትር፤
ወደኛ መለሰው፣ ስድስት አደረገው፤ አልዋሸም።
መመርመሪያው አሁንም አረንጓዴ ነው።
ትዋብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

<ሰዓት አቆጣጠር="የኛ" ክፍል="ማለዳ">12:00</ሰዓት>

ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ፣
ይቅርታ የሚባልበትን ታግ ፈልጌ፣ ፈልጌ።
"አቆጣጠር፣ የኛ" ብላ በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤
"እኔማ ድሮም አውቃለሁ፤ ለማሽንሽ ንገሪው" አለች።

ነገርኩት። ቺንጋው ግን እስከ ዓርብ ክፍሌ ውስጥ ተሰቅሎ ከረመ፣
እዚያ ማዶ ወፍጮው እንደቆመ።

ዓርብ ማለዳ ሸኘኋት። ጭጋግ ነበር።
ጀልባዋ ስትርቅ እጇን አላወዛወዘችም፤
ቺንጋውን በሁለት እጇ ይዛው ነበር።
ተመልሼ ፋይሉን ከፈትኩ።
ማሽን ዘሎት የሚያልፈው፣ ለሰው ብቻ የተተወ ምልክት አለ፤
ከደቅ ሰዓት በላይ አንድ መስመር አስገባሁ፣
ከኔ በኋላ ይህን ኮድ የሚወርስ ሰው ካለ፦

<!-- ትዋብ፣ ቺንጋ ይዛ፣ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ጠበቀች -->